አራት ዓመት የሞላው ልጃችን ማታ አልተኛም ይላል፤ እኔና ባለቤቴም በመፍትሔው አልተስማማንም

ጥያቄ (ከሁለት ልጆች እናት)

ለሁላችሁም ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። አራት ዓመት የሞላው ወንድ ልጅና ሰባት ወር የሆናት ሴት ልጅ አሉን። የምጽፈው ስለ ታላቁ የመኝታ ሰዓት ነው። አጣጥበን፣ ልብሱን ቀይረን፣ ተረት ነግረነው ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ አልጋው ውስጥ እናስገባዋለን፤ እንቅልፍ የሚወስደው ግን ብዙውን ጊዜ ወደ 4 ሰዓት ግድም ነው። በመካከል ያለው ጊዜ ለሁላችንም ፈተና ሆኗል። ውኃ ጠማኝ ይላል፤ ሽንቴ መጣ ይላል፤ ጥላ አየሁ ይላል፤ ሌላ ተረት ካልነገራችሁኝ ይላል፤ ሰበቡ ሲያልቅበት ደግሞ ተነሥቶ እኛ ወዳለንበት ሳሎን ይመጣል። ስንመልሰው ያለቅሳል፤ ለቅሶው እኅቱን ይቀሰቅሳታል፤ እርሷን ላባብል ስገባ እርሱም ተከትሎኝ ገብቶ ከጎናችሁ ካልተኛሁ ይላል። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ይነሣል፤ በመዋዕለ ሕፃናትም ከምሳ በኋላ ሁለት ሰዓት ያህል ይተኛል።

እኅቱ ከመወለዷ በፊት እንዲህ አልነበረም፤ አጠገቡ ጥቂት ከተቀመጥን ያሸልብ ነበር። ባለቤቴ በሩ ተዘግቶ የፈለገውን ያህል ካላለቀሰ በቀር መቼም አይለምድም ይላል። እኔ ደግሞ ታናሽ በመጣችበት በዚህ ወቅት በር ቢዘጋበት የተገፋ ይመስለዋል ብዬ ስለምሰጋ፣ እስኪተኛ ድረስ አብሬው መጋደምን እመርጣለሁ። ሁለታችንም ለልጁ ስለምናስብ ነው የማንስማማው፤ ይሁን እንጂ ልጁ ዛሬ በአንዱ፣ ነገ በሌላው መንገድ መያዙ እንደማይበጀው ይገባኛል። በሙያችሁ የምታውቁ ወይም በዚህ ያለፋችሁ ብትመክሩኝ በእጅጉ አመሰግናለሁ።

መልስ (ከሕፃናት ነርስ)

ውድ ጠያቂ፣ ያልቅስ ወይስ አያልቅስ ከሚለው በፊት የጻፉልንን ሰዓት አብረን እንቁጠረው። ልጅዎ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት ድረስ ዘጠኝ ሰዓት፣ ቀን ሁለት ሰዓት፣ በድምሩ 11 ሰዓት ይተኛል። የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና አካዳሚ በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጣው ምክር፣ ከ3 እስከ 5 ዓመት ላለ ልጅ የቀኑን እንቅልፍ ጨምሮ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ10 እስከ 13 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋል ይላል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በ2019 እ.ኤ.አ. ለ3 እና ለ4 ዓመት ልጆች ያስቀመጠው መጠን ይኸው ነው። እንግዲህ ልጅዎ የሚተኛው በዚህ ልክ ውስጥ ነው። ቀን ደስተኛና ንቁ ከሆነም 11 ሰዓት ይበቃዋል ማለት ይቻላል። እኛ ግን በ2 ሰዓት አልጋ ውስጥ ስናስገባው 13 ሰዓት እንዲተኛ እየጠየቅነው ነው። 11 ሰዓት የሚበቃው ልጅ ቀሪውን ሁለት ሰዓት ነቅቶ ማሳለፉ የግድ ነው፤ ውኃውም፣ ተረቱም፣ ሳሎን መምጣቱም ያንን ባዶ ጊዜ የሚሞላባቸው ናቸው።

ምክንያቱን ማወቅ ስለሚጠቅም ጥቂት ላብራራ። በዙሪክ ዩኒቨርሲቲ ይሠሩ የነበሩት አሌክሳንደር ቦርቤሊ በ1982 እ.ኤ.አ. ባቀረቡትና እስከ ዛሬ በባለሙያዎች ዘንድ በሚሠራበት ማብራሪያ መሠረት፣ እንቅልፍ የሚመጣው ሁለት ነገሮች ሲገናኙ ነው። አንደኛው ከነቃንበት ሰዓት ጀምሮ እየተጠራቀመ የሚሄደው የእንቅልፍ ፍላጎት ሲሆን፣ ሁለተኛው ብርሃንንና ጨለማን እየተከተለ የሚሄደው የሰውነታችን ውስጣዊ ሰዓት ነው። ከምሳ በኋላ ሁለት ሰዓት የተኛ ልጅ ከተጠራቀመው ፍላጎት ብዙውን ቀንሶታል፤ ውስጣዊ ሰዓቱም ወደ 4 ሰዓት ግድም ተቃኝቷል። በዚህ ላይ ከተለመደው የእንቅልፍ ሰዓት ቀደም ብሎ ያለው ጊዜ ሰውነት ይበልጥ ንቁ የሚሆንበት ነው። ብዙ ወላጆች ቀኑን ሙሉ ሲሮጥ የዋለው ልጅ ማታ እንዴት እንዲህ ይፈነጥዛል ብለው የሚገረሙት በዚያ ሰዓት ነው፤ ልጁን እልኸኛ የሚያሰኘውም ይኸው ጊዜ ነው።

ስለዚህ የምመክርዎ የመኝታውን ሰዓት ለጊዜው ወደ 3 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ማዘግየት ነው። ይህ ከእንቅልፉ የሚቀንሰው ነገር የለም፤ አሁንም የሚተኛው በዚያው ሰዓት ነውና። የሚቀንሰው አልጋ ላይ የሚያለቅስበትን ጊዜ ነው። አልጋ ውስጥ በገባ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ መተኛት ሲጀምር፣ በሁለት በሦስት ቀኑ በ15 በ15 ደቂቃ ቀደም ያድርጉት፤ ለመተኛት ከግማሽ ሰዓት በላይ መፍጀት ከጀመረ ደግሞ ልኩ ላይ ደርሰዋልና ከዚያ በላይ ቀደም አያድርጉት። ጠዋት የሚነሣበት ሰዓት በዕረፍት ቀንም ቢሆን አይለወጥ፤ ውስጣዊውን ሰዓት በቦታው የሚያጸናው ከሁሉ በላይ የጠዋቱ ሰዓትና የጠዋቱ ብርሃን ነው።

ሳሎኑንም ልብ ይበሉት። ማታ ማታ የሚመጣበት ክፍል ደማቅ መብራት የበራበት ከሆነ ብርሃኑ ራሱ እንቅልፉን ያርቀዋል። በ2018 እ.ኤ.አ. በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የታተመ ጥናት፣ ከ3 እስከ 5 ዓመት የሆናቸው ልጆች ከመኝታ በፊት ለአንድ ሰዓት ደማቅ ብርሃን ሲበራላቸው ለእንቅልፍ የሚያዘጋጀው ሜላቶኒን የተባለው ሆርሞን በአማካይ በ88 በመቶ ገደማ እንደቀነሰ፣ መብራቱ ከጠፋ ከ50 ደቂቃ በኋላም በአብዛኞቹ ወደ ቦታው እንዳልተመለሰ አሳይቷል። ጥናቱ የተደረገው በ10 ልጆች ብቻ ስለሆነ ቁጥሩን እንደ መጨረሻ ቃል አልወስደውም፤ ነገር ግን የትንንሽ ልጆች ዓይን ብርሃንን አብዝቶ እንደሚያስገባ የታወቀ ነው። ከመኝታ በፊት ባለው አንድ ሰዓት መብራቱን ደብዘዝ፣ ቴሌቪዥኑንና ስልኩን ዘጋ ማድረግ ምንም የማያስወጣ ነገር ነው።

አንድ ከጥያቄዎ ወጣ ያለ ነገር አደራ ልበልዎ። ሰባት ወር የሆናት ሕፃን ከታላቅ ወንድሟ ጋር በአንድ አልጋ አትተኛ። ልጁ በእንቅልፍ ልቡ ሊጫናት፣ ብርድ ልብሱም ፊቷን ሊሸፍናት ይችላል። የራሷ የሆነ፣ ትራስና ለስላሳ አሻንጉሊት የሌለበት ጠፍጣፋ መኝታ ላይ በጀርባዋ ትተኛ።

መልስ (ከሦስት ልጆች አባት)

ነርሷ ስለ ሰዓቱ የጻፉት ትክክል ነው፤ ሰዓቱ ቢስተካከልም ግን ከአልጋ ተነሥቶ መምጣት አንድ ጊዜ ልማድ ከሆነ በኋላ ወዲያው የሚቀር አይደለም። ለዚህ በእኛ ቤት የሠራውን ልንገርዎ። ሐሳቡ የእኔ አይደለም፤ ፓትሪክ ፍሪማን የተባሉ የሥነ ልቦና ባለሙያና ባልደረቦቻቸው በ1999 እ.ኤ.አ. አሳትመውታል፤ በኋላም ከ3 እስከ 6 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ ተፈትኖ ጥሩ ውጤት አሳይቷል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ልጁ በገዛ እጁ ቀለም የቀባው አንድ ካርድ ማታ ማታ ይሰጠዋል። ካርዱ አንድ ጊዜ ከአልጋ ለመውጣት ወይም እናትና አባቱን አንድ ጊዜ ለመጥራት ያገለግላል፤ ውኃ ለመጠጣት፣ ለመታቀፍ፣ አንድ ጥያቄ ለመጠየቅ ሊጠቀምበት ይችላል። የጠየቀው አጭር ነገር ያለ ቁጣና ያለ ክርክር ይደረግለታል፤ ካርዱንም ይመልሳል። ከዚያ በኋላ ቢነሣ እጁን ይዞ፣ በአንዲት አጭር ቃል «አሁን የመኝታ ሰዓት ነው» ብሎ ብቻ ወደ አልጋው መመለስ ነው። መቆጣትም ማባበልም፣ ለምን እንደማይቻል ማስረዳትም ወግ መጀመር ስለሚሆን ልጁን ይበልጥ ያነቃዋል። ካርዱን ሳይጠቀምበት ካደረ ጠዋት አንድ ደስ የሚያሰኘው ነገር ያገኛል፤ በእኛ ቤት ከአባት ጋር የሚጫወቱትን ጨዋታ የመምረጥ መብት ነበር።

የዚህን ነገር ጥበብ የተረዳሁት መካከለኛዋ ልጃችን ካርዱን ትራሷ ሥር አድርጋ፣ በእጇ ጨብጣ ሳትጠቀምበት መተኛት ስትጀምር ነው። መጥራት እንደምትችል ማወቋ ብቻ አረጋጋት። የተጠኑት ልጆችም ወላጅ ለቅሶን ዝም ብሎ ሲያልፍ በመጀመሪያዎቹ ምሽቶች እንደሚታየው ዓይነት የለቅሶ መባስ እንዳልታየባቸው ባለሙያዎቹ ጽፈዋል፤ ለሕፃኗ እንቅልፍ ሲሉ ይህ ለእናንተ ትልቅ ነገር ይመስለኛል።

ባለቤትዎ ወሰን ያስፈልጋል ማለታቸው ልክ ነው፤ እርስዎም ልጁ ብቻውን እንዳይቀር መፈለግዎ ልክ ነው። ካርዱ ሁለቱንም ይዟል። ይሁን እንጂ ስምምነቱን ቀን፣ ልጆቹ በሌሉበት፣ ተቀምጣችሁ ጨርሱት። ማን እንደሚመልሰው፣ ምን ብሎ እንደሚመልሰው፣ ሕፃኗ ብትነቃ ማን እንደሚገባ አስቀድማችሁ ወስኑ። ሌሊት ኮሪደር ላይ ቆሞ በሹክሹክታ የሚደረግ ክርክርን ልጅ በሚገባ ይሰማዋል፤ የትኛው ወላጅ እንደሚላላም ወዲያው ያውቃል። በዚያ የሚፈረድበት ልጅ የለም፤ የሚረጋጋበትን በር መፈለጉ ነው።

መልስ (ከአንዲት አያት)

ልጄ፣ ሰዓቱንም ካርዱንም ሞክሪው፤ ደግ ነገር ነው። እኔ የምጽፍልሽ ግን አንቺ ራስሽ በጥያቄሽ መካከል ጠቅሰሽ ስላለፍሽው ነገር ነው። እኅቱ ከመወለዷ በፊት እንዲህ አልነበረም ብለሻል። እስኪ ቀኑን በእርሱ ዓይን ተመልከቺው። ከመዋዕለ ሕፃናት ሲመለስ ሕፃኗ እቅፍሽ ላይ ናት፤ ሲያወራሽ ጡት እያጠባሽ ነው፤ ሊጫወት ሲል ተኝታለች አትጩህ ይባላል። ሕፃኗ ተኝታ፣ እጅሽ ባዶ ሆኖ፣ ዓይንሽ እርሱን ብቻ የሚያይበት ሰዓት መቼ ነው? ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ነው። ታዲያ ልጁ ያንን ሰዓት ተኝቶ ለምን ያሳልፈው? በቀን ያላገኘውን እናቱን የሚያገኝበት ሰዓት ነው፤ እኔ ይህን እልኸኝነት ብዬ መጥራት ያሳዝነኛል።

ስለዚህ የሚፈልገውን ከመኝታ በፊት ስጪው። አባትየው ሕፃኗን ይዞ ወደ ሌላ ክፍል ይግባ፤ አንቺ ከታላቁ ጋር ሩብ ሰዓት ብትሆን ብቻችሁን ሁኑ። ስልክሽ አጠገብሽ አይሁን። ጨዋታውን እርሱ ይምረጥ፤ አታስተምሪው፣ አታርሚው፣ ዝም ብለሽ አብረሽው ሁኚ። ዕለት ዕለት በዚያው ሰዓት ይሁን፤ ቀን ቢያጠፋም እንኳ ለቅጣት ብለሽ አትከልክዪው። ጊዜው የእርሱ መሆኑን ሲያምን ሌሊቱን አይቀማሽም።

«አንተ እኮ ትልቅ ነህ» የምትለውንም ቃል ቀንሺያት። አራት ዓመት ትልቅ አይደለም፤ ሕፃኗ ስለመጣች ትልቅ መሰለ እንጂ። አንዳንድ ጊዜ እንደ ሕፃን ልታቀፍ ቢል እቀፊው፤ በእሺታ የታቀፈ ልጅ ቶሎ ይበቃዋልና ራሱ ወርዶ ወደ ጨዋታው ይሄዳል። ቅናቱን በቃል ማውጣት ቢችልም አትደንግጪ። «ትመለስ» ቢልሽ «አትጠላት» ብለሽ አፉን አትያዥው፤ «እናቴን ወሰደችብኝ እያልክ ነው?» ብለሽ ብትጠይቂው ይሻላል።

አብሮ መጋደሙም ቢሆን ነውር የለበትም፤ ስንቱ ልጅ በእናቱ ጎን ተኝቶ አድጓል። አንቺን ከደከመሽና መተው ከፈለግሽ ግን በአንድ ምሽት አትቁረጪበት። መጀመሪያ አልጋው ላይ ተቀምጠሽ እጁን ያዢው፤ ቀጥሎ አልጋው አጠገብ ወንበር ላይ ሁኚ፤ ከዚያ ወንበሩን እየሳብሽ ወደ በሩ አቅርቢው። ባልሽም በየተራው ያስተኛው፤ ልጁ በአባቱም እጅ መተኛት እንደሚቻል ይልመድ።

መልስ (ከመዋዕለ ሕፃናት መምህርት)

ስለ ቀኑ እንቅልፍ ብቻ አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ ልጆች ከ3 እስከ 5 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ የቀን እንቅልፍን እየተዉ ይሄዳሉ፤ በአንድ ክፍል ውስጥ እንኳ አንዱ ሁለት ሰዓት ሲተኛ ሌላው ዓይኑን ሳይከድን የዕረፍት ሰዓቱ ያልቃል። ስለዚህ መምህርቷን አነጋግረው ልጅዎ ከአንድ ሰዓት በኋላ እንዲቀሰቀስና ቀሪውን ጊዜ በጸጥታ መጽሐፍ እያየ እንዲያሳልፍ መጠየቅ ይችላሉ። የምሽቱን ችግር ሳያብራሩ «እንዳታስተኙት» ብቻ ካሉ ግን ላይሳካ ይችላል፤ መምህራኑ ሌሎቹን ልጆች ማስተኛት አለባቸውና ምክንያቱን ቢያውቁት በደስታ ይተባበሩዎታል።

ተጨማሪ ጥያቄ (ከጠያቂዋ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ባለቤቴም መልሶቹን አንብቧቸዋል፤ በካርዱና በሩብ ሰዓቱ ተስማምተናል፤ የሕፃኗንም መኝታ ለብቻ እናደርጋለን። እናት አያት የጻፉልኝን ሳነብ ልቤ ተነክቷል፤ የምሽቱ ሰዓት ለእርሱ ምን እንደሆነ በዚያ መልኩ አስቤው አላውቅም ነበር።

ሁለት ነገር ግን አልጠራልኝም። መጀመሪያ የቀኑን እንቅልፍ እናሳጥር ወይስ የማታውን ሰዓት እናዘግይ? ሁለተኛው ደግሞ በመጀመሪያው ጥያቄዬ ያልጻፍኩት ነገር ነው። አንዳንድ ሌሊት፣ ከተኛ ከአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ በኋላ፣ በድንገት ቁጭ ብሎ ይጮኻል። ዓይኑ ተገልጧል፣ ላብ ያጠምቀዋል፣ እኛን ግን አያውቀንም፤ ላቅፈው ስል ይገፈትረኛል። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ተመልሶ ይተኛል፤ ጠዋት ስንጠይቀው የሚያስታውሰው ነገር የለም። ከቅናቱ የመጣ ክፉ ሕልም ይሆን?

መልስ (ከሕፃናት ነርስ)

ከሁለተኛው ልጀምር። የገለጹት ነገር ከክፉ ሕልም ይለያል። ክፉ ሕልም የሚበዛው በሌሊቱ መጨረሻ፣ ሕልም በሚበረክትበት የእንቅልፍ ክፍል ነው፤ ልጁ በሚገባ ይነቃል፣ ያየውን ይናገራል፣ እናቱን ሙጥኝ ይላል። የእርስዎ ልጅ ግን በሌሊቱ መጀመሪያ፣ በጥልቅ እንቅልፍ ውስጥ ሳለ በከፊል ብቻ ነው የሚነቃው። ሰውነቱ ሲጮኽና ሲታገል አእምሮው እንደተኛ ስለሆነ አያውቃችሁም፤ ጠዋትም የሚያስታውሰው የለም። በዚህ ዕድሜ ብዙ ልጆች ያጋጥማቸዋል፤ በቤተሰብም ይወራረሳል፤ አብዛኞቹ እያደጉ ሲሄዱ ይተዋቸዋል። ለወላጅ እጅግ የሚያስደነግጥ ቢሆንም ልጁ በዚያ ሰዓት እየተሠቃየ ነው ብለው አይዘኑ።

ሲጮኽ አይቀስቅሱት፣ በግድም አይያዙት፤ አጠገቡ ሆነው ከአልጋ እንዳይወድቅና ከነገር ጋር እንዳይጋጭ ይጠብቁት፤ ድምፅዎን ዝቅ አድርገው ቢያናግሩት ይበቃል። ጠዋት ደግሞ ስለ ጩኸቱ ደጋግመው አይጠይቁት፤ የማያውቀውን ነገር እየሰማ መኝታውን ሊፈራ ይችላልና። ከሞላ ጎደል በየሌሊቱ በአንድ ሰዓት የሚመጣ ከሆነ፣ ከዚያ ሰዓት ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ቀደም ብሎ ቀስ አድርጎ ነካ በማድረግ ለአፍታ ማንቃትና መልሶ ማስተኛት ብዙ ልጆችን ይረዳል።

በመጀመሪያው ጥያቄዎ ላይ ይህ ጩኸት መልሱን ይወስነዋል። እንዲህ ያለውን መባነን ከሚያብሱት ነገሮች ዋነኛው የእንቅልፍ እጦት ነው፤ ትኩሳትና ጭንቀትም ያመጡታል። ስለዚህ የቀኑን እንቅልፍ ለጊዜው አይንኩት፤ መምህርቷ የመከሩት መልካም ቢሆንም ሁለተኛ ደረጃ ይሁን። መጀመሪያ የማታውን ሰዓት ወደ 3 ሰዓት ከ45 ያዘግዩ፤ ካርዱንና ከእርስዎ ጋር የሚያሳልፈውን ሩብ ሰዓት ከዚያው ጋር ይጀምሩ። ልጁ በአልጋው ቶሎ መተኛትን ከለመደ በኋላ 3 ሰዓት ላይ ደርሰው ከዚያ ቀደም ማድረግ ካልቻሉ፣ ያን ጊዜ የቀኑን እንቅልፍ በ15 ደቂቃ እየቀነሱ ማታውን በዚያው መጠን ቀደም ያድርጉት። ቀን የተነሣው ማታ ካልተመለሰለት ጩኸቱ ሊበዛ ስለሚችል፣ እንዲህ ካዩ አንድ ደረጃ ወደ ኋላ ተመልሰው ሳምንት ያህል እዚያው ያቆዩት።

አንድ ሌሊት ደግሞ ሲተኛ አተነፋፈሱን ያዳምጡ። ጉንፋን ሳይኖርበት በአብዛኛው ሌሊት የሚያንኮራፋ፣ አፉን ከፍቶ የሚተነፍስ፣ ወይም ትንፋሹ ለአፍታ ቆም ብሎ በማቃሰት የሚመለስ ከሆነ ቶንሲሉና ከአፍንጫው ጀርባ ያለው አዴኖይድ የሚባለው ሥጋ አብጦ የአየሩን መንገድ አጥብቦት ሊሆን ይችላል። ያ ደግሞ እንቅልፉን እየቆራረጠ መባነኑን ያመጣዋል፤ የሰዓት ማስተካከልም አይፈታውም። ማታ እግሬን ያሳክከኛል ወይም ይበላኛል እያለ እግሩን የሚያወራጭ ከሆነም የብረት ማዕድን እጥረት ሊኖርበት ስለሚችል በደም ምርመራ መታየት አለበት። ከእነዚህ አንዱን ካዩ፣ ወይም ሲጮኽ አንድ ወገን እጁ ወይም እግሩ ብቻ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ፣ በስልክዎ አጭር ቪዲዮ ቀርጸው የሕፃናት ሐኪም ዘንድ ይውሰዱት፤ ሐኪሙ ከቃል ይልቅ ከቪዲዮው ብዙ ይረዳል።